ዓባይ በረሃን ከመውረድህ በፊት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለወንድሜና ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ሥራው፣ ልጆቹ፣ የሰዓቱ ልዩነት፣ በዚያ ላይ ዛሬ ነገ ስንል ዓመታት ነጎዱ። ወቀሳውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። በጣም ናፍቀኸኛል፤ ከሁሉ በፊት እሱን ልበልህ።

ባለፈው ሳምንት እህትህን በስልክ አግኝቻት የሆድ የሆዳችንን አወራን። ቪትዝ መግዛትህን ከእሷ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለህ፤ በሰላም ንዳት። ለፋሲካ ልጆቹን ይዘህ እማማን ለመጠየቅ ደብረ ማርቆስ ልትሄድ ማሰብህንም ነገረችኝ። "ብቻ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ሲጥ ትላለች" አለችኝ፤ እንዲሁ በጨዋታ መሐል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ጨዋታው ጠፋብኝ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጠማዘዝክ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ዛሬ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ሲጥታው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የሚመጣ ድምፅ አይደለም። የፊት ፍሬን የሚይዘው ሁለት ፓዶች ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ ከሁለት ወገን ሲጨብጡት ነው። ከፓዱ ጎን ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ፓዱ ሲያልቅ ያቺ ምላስ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ሆን ተብላ የተሠራች ማስጠንቀቂያ ናት። አዲስ ፓድ 10 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ውፍረት አለው። እኔ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ እቀይረዋለሁ፤ ከዚያ በታች አላሳልፈውም። ጭራሽ ካለቀ የፓዱ ጀርባ ብረት ዲስኩን ይፍቀዋል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከሲጥታ ወደ መፋቅ ይለወጣል። እዚያ ከደረሰ መንገዱን ተወው።

እኔ የ2010 ኮሮላ ነው የምነዳው። እንጀራዬም መንዳት ስለሆነ ፍሬን ቶሎ ያልቅብኛል። ቨርጂኒያ ደግሞ እንደ እኛ አገር ቦሎ መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፤ ፓዱ ካለቀ አያሳልፉህም። ጋራዥ ወስጄ ስጠይቅ የፊቱን ፓድና ዲስክ ለመቀየር ከ4 መቶ ዶላር በላይ አሉኝ። ዕቃውን ብቻዬን ስገዛ የዚያን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። የበለጠ ደስ የሚለኝ ግን ልጆቼን የማሳፍርበትን መኪና ፍሬን በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ አጥብቄ መንዳቴ ነው። አንተም እንድታውቀው የምፈልገው ይህንኑ ነው። ራስህ ባትሠራው እንኳ መካኒኩ ሲሠራ አጠገቡ ቆመህ የምታየውን እወቅ።

ሥራው ጉልበት አይፈልግም። ንጽሕናና ትዕግሥት ይፈልጋል። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁም፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፤ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ። የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እያለች ላላ አድርጋቸው፤ ከዚያ በክሪክ አንሳት። ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ከሥሯ አስገባ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር እጅህን እንኳ እንዳታስገባ፤ አደራ። አንዱን ጎን ጨርሰህ ሳትገጥም ሌላውን አትንካ፤ የጠፋህ ነገር ካለ ያልተፈታውን አይተህ ትገጥማለህ።

ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ከኋላው በሁለት ቡሎን ነው የተያዘው፤ በእኔ መኪና 14 ቁልፍ ይፈታዋል። ካወጣኸው በኋላ የፍሬን ዘይት በሚያመጣለት የጎማ ቱቦ አታንጠልጥለው። ቱቦው ከውስጥ ይቀደዳል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። በሽቦ ከስፕሪንጉ ጋር እሰረው። ፓዶቹን ስታወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው፤ የመኪናዋን ሁኔታ እነሱ ይነግሩሃል። ባለፈው የቀኙን ሳወጣ የውስጠኛው ፓድ ብረቱ ሊታይ ደርሶ ነበር፤ የውጭኛው ግን ገና ግማሽ አለው። እንዲህ ሲሆን ፓድ ቀይሮ መግጠም ብቻውን ዋጋ የለውም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ አንዱ ደርቆ ሲይዝ ካሊፐሩ መመለስ ያቅተዋል፤ አንደኛው ፓድ ሁልጊዜ ዲስኩን እንደነካ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚዘለው እነዚህን ፒኖች ነው። አውጣቸው፤ አሮጌውን ቅባት በጨርቅ ጥረግ፤ ፒኑን የሚሸፍነው ጎሚኒ (ላስቲኩ) አለመቀደዱን እይ። ከዚያ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ቅባት ቀባቸው። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ አታድርገው። መልሰህ ስትከታቸው በጣት ግፊት ብቻ ወዲያ ወዲህ ማለት አለባቸው። አንዱ ፒን ጫፉ ላይ ትንሽ ጎማ ሊኖረው ስለሚችል ቦታቸውን እንዳታቀያይር።

ዲስኩን ለማውጣት የፓዱን መያዣ ማንሳት አለብህ፤ እሱን 17 ቁልፍ ይፈታዋል። ቡሎኖቹ ጠንካራ ናቸው፤ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ያዝ። እዚህ አገር ክረምት ሲገባ ለበረዶው መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨውና ውሃ ዲስኩን ከመሐሉ ብረት ጋር በዝገት ያጣብቁታል። መዶሻ ያላነሳ የለም። ቶዮታ ግን ለዚህ ብሎ ዲስኩ ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ትቷል። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 1.25 ጥርስ ያላቸውን ሁለት ቡሎኖች አስገባና ተራ በተራ ሩብ ሩብ ዙር አጥብቅ። መጀመሪያ ምንም የማይንቀሳቀስ ይመስልሃል። ከዚያ ድንገት ቋ ብሎ ዲስኩ ለቆ ይወጣል። ይህን ሳይ ሁልጊዜ ያስበውን ሰው አመሰግናለሁ።

አሮጌው ሲወጣ አዲሱን ወዲያው አትግጠም። ዲስኩ የሚያርፍበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትገው። እዚያ የቀረች የዝገት ቅንጣት ዲስኩን በትንሹ ታዘምመዋለች። ዛሬ አይታወቅህም፤ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ፍሬን ስትይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሰውም "ዲስኩ ተጣመመ" ብሎ ሌላ ዲስክ ይገዛል። አዲሱ ዲስክም እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው ከካርቶኑ የሚወጣው፤ በፍሬን ማጽጃ ሁለቱንም ፊት እጠበው። ከዚያ በኋላ በቅባት እጅ አትንካው።

እናንተ ጋ ዲስክ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ የተለመደ ነው። ክፋት የለውም፤ ግን መጀመሪያ ይለካ። ዲስኩ ላይ የመጨረሻው ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። ከተላገ በኋላ ከዚያ የሚያንስ ከሆነ አይሆንም፤ ሙቀት የሚሸከመው ብረት ያልቃል፣ ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይግላል። ሶማሌ ተራ ፓድ ስትገዛ ደግሞ የግራና የቀኙ ከአንድ ካርቶን የወጣ ይሁን። ሁልጊዜ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ነው የሚቀየረው፤ ያለዚያ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። የድሮውን ፓድ አቧራ ደግሞ በአፍህም ሆነ በኮምፕሬሰር አትንፋው። አንዳንዱ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ለሳንባ መርዝ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

አዲሱ ፓድ ወፍራም ስለሆነ ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ፓዱን የሚገፋውን ፒስተን መልሰህ መግፋት አለብህ። የፍሬን ዘይቱን ክዳን ክፈት፤ አሮጌውን ፓድ ፒስተኑ ላይ አድርገህ በትንሽ ሞርሳ ቀስ እያልክ ግፋው። ዘይቱ ከላይ ሞልቶ እንዳይፈስ ተከታተል፤ ቀለም ይልጣል። ቡሎኖቹን በመኪናዋ መጽሐፍ ልክ አጥብቅ። የጎማው ዳዶ በእኔም በአንተም መኪና 103 ኒውተን ሜትር ነው። ልክ የሚያሳየው ቁልፍ ከሌለህ ተዋስ፤ ቁልፉ ላይ በእግሩ ቆሞ የሚያጠብቅ ጎሚስታ አይንካብህ።

አሁን የምነግርህን በተለይ ያዝልኝ። ሞተሩን አስነስተህ ከመንቀሳቀስህ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህን ረስቶ ከግቢው ሲወጣ አጥር የገጨ ሰው አውቃለሁ። ፔዳሉ ጠንክሮ ሲቆም የዘይቱን መጠን አይተህ ክዳኑን ዝጋ። ከዚያ እሑድ ጠዋት ጭር ያለ መንገድ ፈልግ። ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በልከኛ ርግጫ አውርድ፤ ሙሉ በሙሉ አትቁም። እንዲህ ስምንት አሥር ጊዜ ካደረግህ በኋላ ፍሬን ሳትይዝ ትንሽ ንዳና ይቀዝቅዝ። አዲስ ፓድ ዲስኩን የሚላመደው እንዲህ ነው። ይህን ሳያደርጉ ዓባይን መውረድ አይገባም።

ዘይቱንም አስቀይረው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ከፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ትረግጣለህ፣ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ መኪናዋ አትቆምም። ፍሬን በጠሰ ሲባል ከምንሰማቸው አደጋዎች አንዳንዱ እንዲህ የሚመጣ ነው። የመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ መኪና ገዝተሃልና አትጠራጠር፤ ይቀየር። አየሩንም በደንብ ያስወጡልህ።

የቪትዟ የኋላ ፍሬን ሸራ ነው እንጂ እንደ ፊቱ ዲስክ አይደለም። እሱ ስፕሪንግና ቅንብር ስለሚበዛው ለመካኒክ ስጠው፤ ግን ሲከፈት እይ። ውስጡ የዘይት እርጥበት ካለ ሲሊንደሩ ያፈሳል ማለት ነው።

ቁልቁለቱን ስትጀምር ገና ከላይ በከባድ ማርሽ ግባ። አውቶማቲክ ከሆነች ከዲ ዝቅ አድርጋት። ሞተሩ ይያዛት፤ ፍሬኑን ረገጥ አድርገህ ልቀቅ እንጂ እግርህን ጭነህበት አትውረድ። የሚቃጠል ነገር ከሸተተህ ሰፋ ያለ ዳር ፈልገህ ቁም፤ እስኪቀዝቅዝ ልጆቹን ሻይ አጠጣ። ስትመለስም ከደጀን በኩል ያለው እንዲሁ ነው።

የመኪናዋን የቻሲ ቁጥር ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ለበዓል ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስላለ ፓዱንና የፒኑን ቅባት አስይዤ እልክልሃለሁ። ዲስኩ ከባድ ነው፤ እሱን እዚያው ግዛ፤ ከመክፈልህ በፊት ግን ፎቶውን አሳየኝ። የምትሠራበትን ቀን ከነገርከኝ በቪዲዮ አብሬህ እሆናለሁ፤ በእናንተ ከሰዓት በኋላ ቢሆን እኔ ተነስቻለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ስለ ሥራህ፣ ስለ ጤናህ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ሁሉንም ጻፍልኝ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ