ከጉበት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ዓመታትም ይዘገቡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሐዋሳ በውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ጉበት ካንሰር የሚቀርቡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው በተሳካበት ቀን ያበቃሉ፤ ታማሚው ቆሞ ይታያል፣ ቤተሰቡ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ዜናውም በዚያው ይዘጋል። እኔ በሥራዬ የማገኛቸው ሰዎች ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያሉትን ዓመታት የሚኖሩ ናቸውና፣ ስለዚያ ጊዜ እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ቤተሰብ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አሁን ድኗል?» ብሎ ነው። ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ተደርሶባቸው፣ ጉበታቸውም በደህና እየሠራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል ከግማሽ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። በሌላ በኩል፣ በዚያው አምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ተመልሶ የሚገኝባቸው ሰዎችም እስከ 70 በመቶ ይደርሳሉ። ሁለቱ አኃዞች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚያስታርቃቸውም ከሁሉ በላይ ክትትል ነው። ተመልሶ የመጣው ካንሰር በጊዜ ከታየ እንደገና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ፣ በመርፌ በሚገባ ሙቀት ሊቃጠል ወይም ደም የሚያደርሰው ሥር ሊዘጋበት ይችላል። ሆድ ውኃ እስኪቋጥርና ዓይን ቢጫ እስኪሆን ከተጠበቀ ግን አብዛኛው አማራጭ ያመልጣል። «ሕመም አይሰማኝም» ብለው ቀጠሯቸውን የሚተዉ ሰዎችን ሳይ እጅግ የማዝነው ስለዚህ ነው፤ ጉበት ብዙ እስኪጎዳ ድረስ የማያሳምም አካል ነውና።

የመመለሱ ምክንያትም ለታማሚው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ቀዶ ሐኪሙ የሚያወጣው እብጠቱንና በዙሪያው ያለውን ክፍል ነው። ጉበት ከተቆረጠ በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ መልሶ የሚያድግ ድንቅ አካል ቢሆንም፣ ያደገው ጉበት ያው ለዓመታት በቫይረስ ሲጎዳና ጠባሳ ሲያወጣ የኖረው ጉበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚመለሰው ካንሰር በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጉበቱ የደም ሥሮች ሾልከው የቀሩ ሕዋሳት ውጤት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ በተጎዳው ጉበት ላይ እንደ አዲስ የተፈጠረ ነው። ጉበትን በሚያጠቃው በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምክንያት ለታመመ ሰው እንደ ቴኖፎቪር ያለው ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት የካንሰሩን መመለስ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ቫይረሱን በኃይል ሊቀሰቅሰው ስለሚችል፣ «ካንሰሩ ወጥቷል፤ ኪኒኑ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት መልስ ማግኘት አለበት። መጠጥ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ምንነታቸው ያልታወቀ የሥራ ሥርና የቅጠል መድኃኒቶችም እንዲሁ።

ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስትና በየአራት ወሩ፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ የሚደረግ የምስል ምርመራና አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የተባለው፣ የጉበት ካንሰርን ሊጠቁም የሚችል የደም ምርመራ ነው። ለዚህ የሚኬድበት አዲስ አበባ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከሲዳማ ወረዳዎች ከበንሳ ወይም ከአርቤጎና ለሚነሳ ገበሬ ደግሞ ሐዋሳ መድረሱ ራሱ አንድ መንገድ ነው። የትራንስፖርቱ፣ የማረፊያውና የአስታማሚው ወጪ ተደምሮ ብዙዎች ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ይቀራሉ። በከተማችን አልትራሳውንድም ሲቲ ስካንም ስላለ፣ መደበኛው ምርመራ እዚሁ ተሠርቶ፣ ውጤቱ ቀዶ ሕክምናውን ላደረገው ሐኪም ተልኮ፣ የሚያጠራጥር ነገር የታየበት ሰው ብቻ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ቢባል ብዙ ድካም ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ታማሚው ሲወጣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያና የፓቶሎጂ (የወጣው እብጠት የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤቱን ቅጂ ይዞ መውጣት ይኖርበታል፤ የእብጠቱ መጠንና ብዛት፣ የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ፣ ካንሰሩ ወደ ደም ሥር መግባት አለመግባቱ ካልታወቀ እዚህ ያለው ሐኪም ስጋቱን በትክክል ሊመዝን አይችልም።

የታማሚው ባለቤት፣ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶችም ለሄፓታይተስ ቢ ሊመረመሩ፣ ነጻ የሆኑትም ሊከተቡ ይገባል። ክትባቱ በአገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ በአብዛኛው አልተከተበም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ዘጋቢዎቻችሁ ወደፊት ስለ አንድ የጉበት ቀዶ ሕክምና ሲዘግቡ፣ ሐኪሙን የታማሚው ቀጣይ ምርመራ መቼና የት እንደሚደረግ፣ ወጪውንም ማን እንደሚሸፍን እንዲጠይቁ፣ መልሱንም ከዜናው ጋር እንድታትሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት ነርስ፣ ከሐዋሳ