የሳይንስ ክበብ፦ የደም ስር ስንቆጥር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ከረመ። የደም ዝውውርን ከምስል ላይ መለካት። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ደም እየዞረ እንደሚመለስ ሲያስረዳ፣ ከደም ወሳጅ ወደ ደም መልስ የሚያሻግሩትን ቀጫጭን ስሮች አላያቸውም ነበር። በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ያያቸው ጣሊያናዊው ሐኪም ማልፒጊ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «እኛም እንይ!» አሉ።

ኢሜጅ ጄ የተባለውን ነፃ የምስል መለኪያ ሶፍትዌር ጫንንና ከተዘጋጀ የደም ስላይድ ጀመርን። የመጀመሪያው ልኬት እንዳለ ተጣለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ሕዋስ እኮ ከፀጉር ይወፍራል!» አለችኝ። መጠርጠሯ ልክ ነበር። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ብቻ ነው፤ ከፀጉር በጣም ይቀጥናል። አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) ስንት ማይክሮሜትር እንደሆነ ለሶፍትዌሩ ሳንነግረው ነበር የለካነው።

ከዚያ ወደ ቪዲዮ አለፍን። ስሌቱ ቀላል ነው። በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሳ ካሜራ አንድ ሕዋስ በ3 የምስል ክፍተት (በ0.1 ሰከንድ) ውስጥ 30 ማይክሮሜትር ከሄደ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ማይክሮሜትር ነው።

ልባችንን የወሰደው ግን የዕጢ (የካንሰር እብጠት) ደም ስር ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 ዕጢ አዲስ ደም ስር ካልሳበ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ማደግ እንደማይችል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለተመራማሪዎች ክፍት የሆኑ የአይጥ ዕጢ ምስሎችን አውርደን ከጤናማ ሥጋ ምስል ጋር አነጻጸርን። ጤናማው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በሥርዓት እየቀጠነ ይሄዳል። የዕጢው እንደተወሳሰበ ክር ነው። የአንዱን ስር ርዝመት በሁለት ጫፎቹ መካከል ላለው ቀጥታ ርቀት አካፈልን። ቀጥ ያለ ስር 1 ይሰጣል፤ የተጣመመ ከ1 ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሁለት ቡድኖች በአንድ ምስል ላይ የተለያየ የቅርንጫፍ ብዛት አገኙ። ምክንያቱ ደም ስሩን ከጀርባው የሚለየው የብሩህነት ወሰን ነው። ወሰኑ ከፍ ሲል ቀጫጭኖቹ ይጠፋሉ፤ ዝቅ ሲል ብናኙም ስር ሆኖ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ ወሰኑን ሳንጽፍ ቁጥር አንመዘግብም። ቆጣሪውም እንዳያዳላ የትኛው ምስል የዕጢ እንደሆነ አይነገረውም።

«ዕጢው ይሄን ያህል ስር ካለው መሀሉ ለምን ኦክስጅን ያጥረዋል?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ነው። የዕጢ ስሮች ያፈስሳሉ። የፈሰሰው ውስጡ ይጠራቀምና ግፊት ይፈጥራል፤ እየበዙ የሚሄዱት የዕጢው ሕዋሳትም ስሮቹን ይጨፈልቃሉ። ደሙ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይሄዳል። መድኃኒትም መሀሉ ድረስ ለመግባት የሚቸገረው ለዚህ ነው። የእኛ ምስሎች ቆመው የቀሩ ስለሆኑ ይህን አያሳዩም። ልጆቹ ለከርሞ የዕጢ ቪዲዮ ካልሆነ አንጀምርም ብለዋል፤ እኔም ተስማምቻለሁ።