ሃቫና ላለው ልጄ

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም።

የላክኸውን ፎቶ እህትህ አሳየችኝ። የባሕሩ ዳር መንገድ፣ ማሌኮን፣ ግንቡ ላይ ቁጭ ብለሃል። ከኋላህ ማዕበሉ ከሰው ቁመት በላይ ተነስቷል። አንተ ትስቃለህ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ድምፅህ ጠፋ። መብራት ጠፍቶ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። አራቱንም ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጄ፣ ባሕሩ ሲቆጣ ከማሌኮን ራቅ።

ኩባ ያደግሁበት አገር መሆኑን ታውቃለህ። አያትህ ኦጋዴን ላይ ሲወድቅ 10 ዓመቴ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የወታደር ልጆች ተሰብስበን በመርከብ ተጫንን። የወረድነው ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ የምትባል የኩባ ደሴት ላይ ነው። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ የጥድ ደሴት ነበር የምትባለው። ፊደል ካስትሮ በሞንካዳ የጦር ሰፈር ላይ ካደረሰው ጥቃት በኋላ የታሰረው እዚያ ነው፤ ክብ ክብ የሆኑትን የእስር ሕንፃዎች አይተናቸዋል። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ እንለቅማለን። ያ መራራ ትልቅ ብርቱካን እስከ ዛሬ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ ልጆችም ነበሩ።

እዚያ ነው ሲክሎን የሚሉት አውሎ ነፋስ ምን እንደሆነ ያወቅሁት። አንድ ሌሊት መምህራችን በባትሪ እያበራች አልጋ በአልጋ ቆጠረችን። አንድ ልጅ ጎደለ። ማዕበሉን ልይ ብሎ ወጥቶ ነበር። ጠዋት ዛፍ አቅፎ ተገኘ፣ ተረፈ። ያቺ መምህርት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ድምፅዋ ተዘግቶ ሳምንት ሙሉ አልተናገረችም። ስትጮህ አድራ ነበር። አሁን እሷ እኔ ነኝ።

ካርታውን እስቲ ተመልከተው። አገሩ ቀጭን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ወርዱ ግን ጠባብ በሆነበት 30 ኪሎ ሜትር ብትል ነው። ትልቁ ተራራ፣ ሴራ ማኤስትራ፣ ያለው በምሥራቅ ነው። አንተ ያለህበት ዳርቻ ዝቅ ያለ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ኢርማ የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ ባሕሩ ግንቡን አልፎ ሰፈር ውስጥ ገብቷል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። ሲያልፍም እፎይ አትበል፤ በብርዱ ወራት ከሰሜን ነፋስ ሲመጣም ያው ማሌኮን ይጥለቀለቃል።

ደግሞ አስጠንቃቂ አላጣህም። በ1963 እ.ኤ.አ. ፍሎራ የተባለችው ምሥራቁን መትታ ከ1,000 ሰው በላይ ከጨረሰች ወዲህ አገሩ በዚህ ነገር አይቀልድም። መጀመሪያ መረጃ ይነገራል፣ ቀጥሎ አሌርታ፣ ከዚያ አላርማ። አላርማ ከተባለ ከቤት አትወጣም። የሰፈር ኮሚቴው ሰዎች፣ ልክ እንደኛ ቀበሌ በላቸው፣ በር እያንኳኩ ውጡ ካሉህ ግን ሳትከራከር ውጣ። ፓስፖርትህን በላስቲክ ጠቅልለው። ባልዲው ሁሌ ውሃ ይኑረው። ስልክህን መብራት ባለ ጊዜ ሙላ።

በፖለቲካቸው አትግባ። ፓርቲው አንድ ነው፤ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው ምክር ቤቱ እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም። ሰው እንደልቡ አለመናገሩን ያኔም አይቻለሁ፣ ልክ ነው አልልህም። ግን በራሽን ደብተር ከሚያገኙት ላይ እኛን አብልተው አስተምረዋል። ትግላችን ሐውልት ጋ ያሉት የኩባውያን ፎቶዎች ፊት ሁልጊዜ ለምን እንደምቆም ትጠይቀኝ አልነበር? ኦጋዴን ላይ ከአያትህ ጋር የወደቁ ልጆች ናቸው። የሚያማርር ሲያጋጥምህ ስማው፣ አክብረው። ዝም በል።

አንድ ነገር ነግሬህ አላውቅም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጎረቤት እያጻፈች ትልክልኝ ነበር። አንዱ ደብዳቤ «ልጄ፣ ቁመትሽ የት ደረሰ?» ይላል። ሌላ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። እሁድ እመልሳለሁ አልኩ። እሁድ ኳስ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ዳንስ ነበር። ቁመቴን በር ላይ ለክቼ በእርሳስ ምልክት አድርጌያለሁ፣ ያን ያህል አስቤበት ነበር። አልጻፍኩም። በ1982 ዓ.ም. ስመለስ አጎቴ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻውን ቆሞ ጠበቀኝ። ከሞተች ስድስት ወሯ ነበር። ጥቁር ለብሶ ሳየው ሳይነግረኝ ገባኝ።

ረጅም መልእክት አልፈልግም። መብራት ሲመጣ «አለሁ» ብለህ ላክ፣ ይበቃኛል። ባሕሩ ሲቆጣ ደግሞ ከማሌኮን ራቅ። ስንት ጊዜ ልበልህ?

በርበሬና ሽሮ በሚመጣው ተማሪ እጅ ልኬያለሁ። ሽሮው ነቀዝ እንዳይበላው ጨው ነስንሰህ በጠርሙስ አድርገው። ለሆድ የሚሆነውን መድኃኒት ከካልሲዎቹ ሥር ታገኘዋለህ።

ፈተና ስትጨርስ ያደግሁባት ደሴት፣ ኢስላ፣ ሂድልኝ። ከባታባኖ ወደብ ነው ጀልባው የሚነሳው። ትምህርት ቤታችን ቆሞ ከሆነ በሮቹን እያቸው፣ የእርሳስ ምልክት ካለ ፎቶ አንሳው። ከዚያ የደሴቷ ከተማ ኑዌቫ ኼሮና ፖስታ ቤት ገብተህ አንድ ፖስትካርድ በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ፤ ቁመትህንም ጻፍበት። የምትሻገረው ግን ባሕሩ ሲረጋ ብቻ ነው።

እናትህ