ስማቸውን አንቁረጥባቸው

ሰላም የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለቀን መቁጠሪያችን የላካችኋቸውን ፎቶዎች ትናንት ማታ አንድ በአንድ አየሁ። በጣም ያምራሉ። አንዱ ጋ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። ጣና ላይ፣ በማለዳ ጭጋግ ውስጥ አንዲት የደንገል ታንኳ፤ ቀዛፊው ጎንበስ ብሏል። ከታች በቀኝ ጥግ የአንድ ፊደል ጭራ ብቻ ቀርቷል። የፎቶ አንሺው ስም ተቆርጧል ማለት ነው። ከልቤ አዘንኩ። ያ ሰው ለዚያች ፎቶ በሌሊት ተነስቶ ሐይቁ ዳር ብርድ ላይ ቆሟል።

«ከጎግል የተወሰደ» ብሎ መጻፍም አይሆንም። ጎግል ፈልጎ አሳየን እንጂ ፎቶውን አላነሳውም።

የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የአንሺው ምልክት ወይም አድራሻ ያለበትን ፎቶ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ስም መጥቀስ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ መጀመሪያ ባለቤቱን እንጠይቅ። ከዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ ማለትም ሰው እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ ፎቶዎች ከሚከማቹበት ድረ ገጽ፣ ያወረዳችሁ ደግሞ ከፎቶው ሥር ያለውን ፈቃድ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ የአንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት መጻፍ፣ ቆርጠነው ከሆነም መቁረጣችንን መግለጽ ይጠበቅብናል።

ታንኳዋን የላካችሁልን፣ ከየት እንዳገኛችኋት በውስጥ መስመር ንገሩኝ። ባለቤቱ እስኪገኝ የጥቅምትን ገጽ ባዶ አቆይቼዋለሁ።