ትልቅ አምባዛ በምን ይያዛል?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማና በዙሪያዋ በትርፍ ጊዜያችን ወንዝ ዳር የምንወርድ አጥማጆች መንጠቋችን ላይ የምንሰካው አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ትል በመሆኑ፣ የምናወጣውም በብዛት ትንንሽ ዓሣ ነው። ትሉ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ ያገኘው ትንሽ ዓሣ ሁሉ ቀድሞ ስለሚለቅመው አምባዛ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል።

አምባዛ በደፈረሰ ውኃና በሌሊት ምግቡን የሚፈልገው በዓይኑ ሳይሆን በአፉ ዙሪያ ባሉት 8 ጢሞቹና በማሽተት ኃይሉ ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ቢሆንም፣ አካሉ እየገዘፈ ሲሄድ ሌሎች ዓሦችን ማደን ያዘወትራል። ስለዚህ ከዚያው ውኃ የተያዘ፣ ደሙ ያልደረቀ የቆሮሶ (የቲላፒያ ዓሣ) ቁራጭ፣ በተለይም ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጣል። የዶሮ አንጀትና ጉበትም ሽታቸው ብርቱ ነው (ዶሮ ሲበለት የሚጣለውን የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ላለው ወጪም የለበትም)፤ ጉበቱ ግን ለስላሳ በመሆኑ በቀጭን ክር ካልታሰረ ገና ሲወረወር ከመንጠቆው ይወልቃል። ውኃው ሽታውን አጥቦ ስለሚወስደው ቶሎ ቶሎ መቀየርም ያስፈልጋል። ቁራጩ ሲተልቅ መንጠቆውም መተለቅ አለበት፤ ጫፉ በሥጋ ከተሸፈነ የዓሣውን አፍ አይዝም።

በሕይወት ያለ ዓሣ ከሌላ ውኃ አምጥቶ መጠቀምን ግን አልደግፍም፤ ከመንጠቆ ያመለጠው ዓሣ በሽታ ወይም ባዕድ ዝርያ ሊያዛምት ይችላል። በክረምትም ትላልቆቹ ለመራባት ወደተጥለቀለቀው ዳርቻ ስለሚወጡ፣ እንቁላል ያዘለችው ብትለቀቅ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ