ስለ ቋንቋችን መሠረታዊ ደንቦች ለአባላት የቀረበ ማሳሰቢያ

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣

በጋራ እየፈጠርነው ላለው ቋንቋ የምታቀርቧቸው አዳዲስ ቃላት እየበዙ መምጣታቸው እጅግ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ሰዋስዉ ሳይጸና መዝገበ ቃላቱ መስፋቱ ያሳስበኛል።

ቄስ ዮሐን ማርቲን ሽላየር የፈጠሩት ቮላፑክ የተባለ ሰው ሠራሽ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በአውሮፓ ብዙ ተከታዮችን አፍርቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፈጣሪው በማሻሻያዎች ላይ የመጨረሻው ውሳኔ የእኔ ነው በማለታቸው ከተከታዮቻቸው ጋር ተለያይተው እንቅስቃሴው ተዳከመ። በአንጻሩ ዶክተር ዛመንሆፍ የፈጠሩትን ኤስፔራንቶ የተባለ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ሲያሳትሙ የባለቤትነት መብታቸውን ለሕዝብ ለቀቁ፤ በ1905 በፈረንሳይ ቡሎኝ ሱር ሜር የተሰበሰቡት ተናጋሪዎችም 16ቱን የሰዋስው ደንቦች የያዘው መሠረት እንዳይነካ ተስማምተው፣ ቃላት ግን በአጠቃቀም እየተፈተኑ እንዲገቡ ፈቀዱ። ለእኛም የሚበጀን ይህ መንገድ ይመስለኛል።

ጽኑ ደንብ ምን ያህል እንደሚያግዝ ከዚሁ ከኤስፔራንቶ ማየት ይቻላል፦ «ሳና» ጤናማ ማለት ነው፤ ተቃራኒን የሚያመለክተው «ማል» ሲቀድመው «ማልሳና»፣ የታመመ፣ ይሆናል፤ ሰውን የሚያመለክተው «ኡል» እና ቦታን የሚያመለክተው «ኤይ» ሲጨመሩበት ደግሞ «ማልሳኑሌዮ»፣ ሆስፒታል፣ ይወጣል። ተማሪው የሚያጠናው ሥር አንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የተላከላችሁን የእርባታና የቅጥያ ደንቦች ረቂቅ አንብባችሁ አስተያየታችሁን እንድትልኩ፣ ረቂቁ እስኪጸድቅም አዲስ ሥርወ ቃል ከማቅረብ እንድትቆጠቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ቃል የሚያቀርብ አባል ቃሉን በሦስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አስገብቶ ያሳየን።