ጉዳዩ፦ ስለተሰነጠቀው 14 ቁጥር ቡሶላ እና ረቡዕ ዕለት ሱቃችሁ ውስጥ ስለተነገረኝ ነገር

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ከእናንተ ስለገዛሁት የመፍቻ ሳጥንና በውስጡ ስለነበረው 14 ቁጥር ቡሶላ (እጀታ ላይ ተሰክቶ ብሎን የሚፈታው ብረት) ከመጀመሪያው መተረክ አያስፈልገኝም። ደረሰኙ ከእናንተው ማሽን የወጣ ነው። የቴሌግራም ልውውጣችን እናንተ ጋ አለ። እንዲቀየርልኝ የተሰነጠቀውን ቡሶላ ፎቶ ደጋግሜ ልኬያለሁ። አንዴ «ለስቶር ክፍል እናስተላልፋለን»፣ አንዴ «አስመጪውን እንጠይቃለን»፣ አንዴ ደግሞ «በስልክ ደውዪ» ተብያለሁ። ስደውል አይነሳም። ይህንን ሁሉ ችዬው ነበር። ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ የረቡዑ ነው።

ማክሰኞ ማታ ከእናንተ የደረሰኝ መልእክት ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ይምጡ። ቅያሪው በስምዎ ተቀምጧል፤ ቆመው አይጠብቁም።» ይህንን አምኜ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ። ቡሶላውን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ደረሰኙን ይዤ፣ ልክ በ4 ሰዓት ሱቃችሁ ደረስኩ።

ባንኮኒው ላይ የነበረው ሠራተኛ መልእክቱን ሳሳየው አላነበበውም። «ያንን የጻፈው ልጅ ዛሬ የለም» አለኝ። ልጁ ባይኖርም ዕቃው በስሜ ተቀምጧል ተብያለሁ፣ እባክህ እይልኝ አልኩት። ከወንበሩ ሳይነሳ «የተቀመጠ ነገር የለም» አለ። ከዚያ ጨርቁን ፈትቼ ቡሶላውን ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። አገላብጦ አየውና «ይሄማ በቱቦ አስረዝመውበት ነው» አለ፤ እጀታው ላይ ቱቦ ሰክተው ከልክ በላይ ገፍተውታል ማለቱ ነው። አልነበረም፣ በራሱ እጀታ ነው የፈታሁት አልኩ። «ማነው የሚፈታው? ጋራዥ ነው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ሌሎች ገዢዎች ባሉበት እንዲህ አለ፦ «እንግዲህ ባለቤትሽን ላኪልን፤ ከእሱ ጋር እንግባባለን።»

አጠገቤ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ባለቤት ይኑረኝ አይኑረኝ የዚህ ዕቃ ጉዳይ አይደለም። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ቡሶላው ሲሰነጠቅ ከመኪናው ሥር የነበርኩትም እኔ ነኝ። ይህንን በትሕትና ነገርኩት። መልሱ ከበስተጀርባው ያለውን መሳቢያ ስቦ አንድ 14 ቁጥር ቡሶላ ማውጣት ነበር። ደስ አለኝ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ። «ነጠላው ይሄ ነው፤ ከፈለግሽ ግዢው» አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይሰማዎታል? ቅያሪ የለም የተባልኩት ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለእኔ ቃል የተገባልኝ በነጻ ነው፣ እሱ ያወጣው ለመሸጥ ነው። ኃላፊ ጥራልኝ አልኩት። «አለቃ የለም፣ ነገ ሞክሪ» አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አላናገረኝም። ትንሽ ቆሜ ቡሶላዬን መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

አሁን ስለ ቱቦው። ይህ ክስ ሐሰት ስለሆነ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

ቡሶላው የተሰነጠቀው የመኪናዬን፣ የቶዮታ ቪትዜን፣ የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ስፈታ ነው። መኪና የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህ ከባድ ብሎን እንዳልሆነ ያውቃል። ፋብሪካው ለዚህ ብሎን የሚያዘው ጥብቀት ከ40 ኒውተን ሜትር በታች ነው። የጎማው ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ማለትም የዘይቱ ብሎን የጎማውን ግማሽ እንኳ አይደርስም። ደግሞ ባለፈው ዘይት ስቀይር ያጠበቅኩት ራሴ ነኝ፤ የጎረቤቴን ቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን የሚለካ መፍቻ) ተውሼ፣ በልኩ። ከመጠን በላይ ያጠበቀው መካኒክ የለም። የእናንተ ቡሶላ ግን ገና ስገፋው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። እጄ ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ተላጠ። ያንኑ ብሎን የጎረቤቴ ያረጀ 14 ቁልፍ በአንድ ግፊት ፈታው። ብሎኑ ችግር ቢኖርበት አሮጌው ቁልፍ እንዴት ቻለው?

ሳጥኑ ክዳን ላይ ክሮም ቫናዲየም ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ጠንካራ የመፍቻ ብረት ነው ማለት ነው። ቡሶላው ራሱ ላይ ግን ምንም አልተቀረጸም። የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ከላይ የተቀባው ብልጭልጭ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ፎቶው ተያይዟል። ክሮም ቫናዲየም ከሆነ የአስመጪውን ማረጋገጫ ብታሳዩኝ እቀበላለሁ።

ከተነሳ አይቀር፣ እስከ ዛሬ ያለፍኳቸውን ነገሮችም ልናገር።

ስገዛ ዝርዝር ይዤ ነው የመጣሁት። አጎቴ ዕድሜ ልኩን መካኒክ ነበር፤ ለጀማሪ የሚያስፈልገውን እሱ ነው በወረቀት የጻፈልኝ። ከ8 እስከ 19 ቁጥር ያሉ ቡሶላዎች፣ ሁሉም በሚሊሜትር፣ አፋቸው ባለ ስድስት ማዕዘን። ለጎማ 21። ለካንዴላ 16፣ ውስጡ ላስቲክ ያለው፣ ካንዴላውን ይዞ እንዲወጣ። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ራቼት፣ ማለትም ቡሶላ የሚሰካበት፣ ሳይነቀል ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚያዞር እጀታ። ከ8 እስከ 17 ቁልፍ። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ማስረዘሚያ። በቃ። ሠራተኛችሁ እየሰማኝ አንድ በአንድ «አለው፣ አለው፣ አለው» አለኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ልይ ስለው «ፕላስቲኩ ከተቀደደ አንሸጠውም» አለ። ስለዚህ ሳላይ 9,200 ብር ከፈልኩ። መጀመሪያ የሰጣችሁኝም በእጅ የተጻፈች ወረቀት ነበረች፤ የማሽን ደረሰኝ ያገኘሁት ተከራክሬ ነው።

ቤት ስከፍተው በ12 ቁልፍ ቦታ 13 ተቀምጧል። 13 ራሱም በቦታው አለ። ሁለት 13፣ ምንም 12። ለቶዮታ ባለቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቶዮታ ላይ የሚደጋገሙት 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ናቸው፤ 13 ከስንት አንዴ ነው። ይህንን ስጽፍላችሁ የመጣው መልስ «13ቱ ለ12 ያገለግላል፣ ብዙ አይራራቅም» የሚል ነበር። አያገለግልም! 13 ቁልፍ 12 ብሎን ላይ ሲዞር ጠርዙን ይልጠዋል። የተላጠ ብሎን ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። ጋራዥ ሄጄ እንዳልከፍል ብዬ የገዛሁት ዕቃ ጋራዥ ያስወስደኛል ማለት ነው። መፍቻ የሚሸጥ ድርጅት ለደንበኛው እንዲህ ያለ ምክር መስጠቱ አሁንም ያናድደኛል።

የሳጥኑ ጽሑፍ ራቼቱ 72 ጥርስ አለው ይላል። 72 ጥርስ ያለው በየ5 ዲግሪው ይይዛል፤ ለዚህም ነው እንደ ቪትዝ ባለ ጠባብ ሞተር ቤት ውስጥ የሚፈለገው። የእኔን አንድ ሙሉ ዙር ሳዞረው የሚንኳኳው 24 ጊዜ ነው። ይህ በየ15 ዲግሪው ማለት ነው። እጅ የማይዞርበት ቦታ ላይ ጨርሶ አይሠራም። «ሁሉም ሚሊሜትር ነው» ከተባለው ውስጥም ብዙው በኢንች ነው፤ ጃፓን ሠራሽ መኪና ላይ ምን ላደርግበት? ሳጥኑ ላይ ያለውን 108 ፍሬ የሚለውን ቁጥር የሚሞሉት እነሱና ትናንሽ የካቻቢቴ ጫፎች ናቸው። የካንዴላው 16 ላስቲክ የለውም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ የምፈልገውን ነጠላ ነጠላ መግዛት እችል ነበር። እናንተን የመረጥኩት ቋሚ ሱቅ ስላላችሁ፣ ደረሰኝ ስለምትሰጡና «አንድ ፍሬ ቢሰበር በዚያው ቀን እንቀይራለን» ስላላችሁኝ ነው። ብዙ ሰው የሚገዛችሁም በዚሁ ቃል ይመስለኛል።

አንዱን ነገር ግን እንደ ቀላል ቅሬታ አላየውም። ሳጥኑን ስገዛ ክሪክም ከእናንተ ገዝቻለሁ። የብረት መደገፊያ አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ «ክሪኩ ይበቃሻል፣ መደገፊያ የጋራዥ ዕቃ ነው» ተባልኩ። አልሰማሁም፤ ሌላ ቦታ ሄጄ ገዛሁ። ክሪክ መኪና ለማንሳት ነው፣ ይዞ ለማቆየት አይደለም። በዘይት ግፊት የሚሠራ ክሪክ ውስጡ ያለችው ትንሽ ላስቲክ ካፈሰሰች ይወርዳል፤ መሬቱ ካዘነበለ ይንሸራተታል። ቡሶላው በድንገት ሲሰነጠቅ መኪናዋ ተንቀጥቅጣለች። ያኔ ከላዬ የያዟት ከሌላ ሱቅ የገዛኋቸው ሁለት መደገፊያዎች ናቸው። የእናንተን ምክር ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ይህንኑ ምክር ዛሬም ለሌላ ጀማሪ እየሰጣችሁ ከሆነ እባካችሁ አቁሙ። ስለ ገንዘቡ ባንስማማ እንኳ በዚህ እንስማማ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት አንዲት ቡሶላ ብቻ ነበር። ያኔ በሳምንቱ ሰጥታችሁኝ ቢሆን ስለ 12 ቁልፉም፣ ስለ ራቼቱም ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። አሁን ግን የቡሶላው ቅያሪ አይበቃኝም። ይህ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሌላ ብረት አምኜ መኪናዬ ሥር አልገባም።

ስለዚህ ሙሉ 9,200 ብሩ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ሳጥኑን ከነሙሉ ዕቃው፣ ከተሰነጠቀው ቡሶላ ጋር እመልሳለሁ። ክሪኩን አልመልስም፤ እሱ እስካሁን ደህና ነው። ረቡዕ ዕለት ባንኮኒ ላይ የነበረው ሠራተኛ በሰው ፊት ስለተናገረኝ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። ከሥራ ይባረር እያልኩ አይደለም። እንጀራውን የመንካት ፍላጎት የለኝም። ግን ነገ ሌላ ሴት መፍቻ ልትገዛ ስትመጣ ባሏን እንዳይጠይቃት ተነግሮት ይወቅ። ማክሰኞ ማታ መልእክቱን የጻፈልኝ ልጅም «በስምዎ ተቀምጧል» ያለው አስቀምጦ ነው ወይስ እንዲያው ለማሰናበት? ለዚህም መልስ እፈልጋለሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩላችሁ በገዛሁ በሳምንቱ ነው። የመልእክቱ ቀን ይታያል። ቀኑን ያስረዘመው የእናንተ ቀጠሮ ነው እንጂ የእኔ ዝምታ አይደለም። ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» የሚል መልስ አልቀበልም።

እስከ መጪው ዓርብ መልስ ካላገኘሁ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ከፎቶዎቹና ከመልእክቶቹ ጋር ለከተማው ንግድ ቢሮ አስገባለሁ። ወደዚያ መሄድ አልፈልግም፤ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ወረፋ ነው። ግን እሄዳለሁ።

ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ። በሥራ ሰዓት ማንሳት ስለማልችል ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ይደወልልኝ። እባክዎ የሚደውለው ሰው ገንዘብ ለመመለስ ሥልጣን ያለው ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ፣ የተሰነጠቀው ቡሶላና የሁለቱ 13 ቁልፎች ፎቶ፣ የማክሰኞ ማታው መልእክት ቅጂ